ዜውስ ቢሸነፍ ማን ይከፍላል?

በቴሌቪዥን መስኮት ላይ ከሚካሄዱት የኤሌክትሮኒክ ጨዋታዎች መካከል የጀብዱ ጌም የሚባለው ዘርፍ፣ ተጫዋቹ አንድን ባለታሪክ እየመራ፣ ጠላት እየጣለ፣ የተዘጋ በር የሚከፈትበትን ብልሃት እየፈለገና ምዕራፍ በምዕራፍ እያለፈ ወደ ታሪኩ ፍጻሜ የሚደርስበት ነው፤ ታሪኩ ከጥንት ሕዝቦች አፈ ታሪክ የተቀዳ ሲሆን ደግሞ የባለታሪኩ ባላንጣዎች አማልክት፣ ግዙፋንና ብዙ ራስ ያላቸው እባቦች ይሆናሉ። ከዚህ ወገን ዝናው የገነነው ‹ጎድ ኦፍ ዋር› በ2005 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን 2 ሲወጣ ክሬቶስ የተባለውን የስፓርታ ተዋጊ ከግሪክ አማልክት ጋር አጋጭቶ ጀመረ፤ በ2010 የወጣው ሦስተኛው ክፍል የኦሊምፐስን ሹማምንት አንድ በአንድ አስጨረሰ፤ በ2018 የወጣው ደግሞ ያንኑ ሰው ጢሙን አስረዝሞና ልጅ አስወልዶ ከሰሜን አውሮፓ አማልክት አገር አሰፈረው። ይህ ሁሉ የተሠራው በሩን ዘግቶ ብቻውን ለሚቀመጥ ተጫዋች ነው። የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ሞላሌን በመሰለ ከተማ ግን በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚጫወት ሰው ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ጨዋታው ከሠሪዎቹ ሐሳብ ወጥቶ የጉባኤ ጉዳይ ይሆናል።

በወረዳ ከተሞች ‹ጌም ዞን› ወይም ‹ፕሌይስቴሽን ቤት› የሚባለው የንግድ ዓይነት ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፤ ከመንገድ ዳር የተከራየች አንዲት ክፍል፣ አንድ ወይም ሁለት ቴሌቪዥን፣ ጌሞች በሀርድ ዲስክ የተጫኑበት ያገለገለ ማጫወቻ፣ የአውራ ጣት ማሳረፊያው ላስቲክ ተልጦ ያለቀ ጆይስቲክ፣ ማለትም በሁለት እጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ፣ እንዲሁም ግድግዳውን ተጠግቶ የሚዘረጋ አግዳሚ ወንበር ይበቃሉ። የቤቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ ብቻ አለው፤ እርሱም ‹ተሸናፊ ይከፍላል› የሚል ነው። ይህ አንቀጽ ለእግር ኳስ ጌሞች፣ ለፊፋና ለፔስ፣ እንከን አይወጣለትም፤ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጋጠማል፣ የተሸነፈው ኪሱን እየዳበሰ ይነሣል፣ ተረኛው ይገባል፣ የቤቱ ባለቤትም ሳንቲሙን እየሰበሰበ ቀኑን ያመሻል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ጎረምሳ ለብቻው ከዜውስ ጋር ሲጋጠም ነው። ተጫዋቹ ቢሸነፍ ይከፍላል፤ ቢያሸንፍ ግን ዜውስ ከዙፋኑ ወርዶ ሒሳብ የሚዘጋበት አሠራር ስለሌለ፣ አሸናፊም ሆኖ ከፋዩ ያው ጎረምሳ ነው። ይህን የመሰለ ፍርደ ገምድልነት እንዳይታይ ሲባል የጀብዱ ጌም ክፍያ በሰዓት ሆነ፤ ሰዓቱ ደግሞ በተራው ሌላ ክርክር ወለደ።

ክርክሩ እንዲህ ነው። በእነዚህ ጌሞች ውስጥ ተጫዋቹ እጁን አጣጥፎ እንደ ፊልም የሚመለከታቸው ትዕይንቶች አሉ፤ ከፋዩ ‹ፊልሙ ሲታይ እኔ አልተጫወትኩም፣ ሰዓቱ ይቁም› ይላል፤ ባለቤቱ ‹መብራቱ ግን ቆጥሯል› ሲል ይመልሳል። ክርክሩ በቀድሞዎቹ ክፍሎች ላይ ቢሆን ፊልሙ የት እንደ ጀመረና የት እንዳበቃ በዓይን ስለሚለይ በመሐል ቤት ሊታረቅ ይችል ነበር። የ2018ቱ ክፍል ዳይሬክተር ኮሪ ባርሎግ ግን ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ባልተቋረጠ የካሜራ ዕይታ እንዲሄድ ስላደረገ፣ ፊልሙና ጨዋታው ያለ ድንበር ተዋሕደዋል፤ የዓለም ሐያስያን ስለዚህ ጥበብ ብዙ ቢያመሰግኑትም፣ ድንበር ማፍረስ ምን ዓይነት ጠብ እንደሚያስነሣ ከመንዝ ሰው ምክር ሳይጠይቅ እንደ ሠራው ግልጽ ነው።

መንዝ በሙግት የሚታማ አገር ነውና። ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የሚከፈለው ይህ ደጋ ለዘመናት ርስቱን በትውልድ ሐረግ ሲካፈል የኖረ በመሆኑ፣ አያት ቅድመ አያቱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር የማይችል ሰው በመሬት ክርክር ላይ አንደበቱ ይታሰር ነበር፤ አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ‹ሰምና ወርቅ› በተባለው መጽሐፉ ስለ አማራ ባህል ሲጽፍ ለዚሁ ደጋ ሕዝብ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ የርስቱን መዝገብ ቢዘጋም አንደበቱን አልዘጋም። በአግዳሚው ላይ የተኮለኮለው ወገን በስም ተራ ጠባቂ ይባል እንጂ በግብሩ ችሎት ነው፤ ጌሙን አስቀድሞ የጨረሰ ሰው የሽማግሌነት ማዕረግ ይሰጠዋል፣ እንግሊዝኛ የሚሰማው የአስተርጓሚነቱን ሥራ ይይዛል፣ ሳይሰማው የቀረውንም ከራሱ ጨምሮ ያሟላል፣ የቀረው ደግሞ ‹በግራ ዙረው!›፣ ‹ኧረ ጋሻህን አንሣ አንተ!› እያለ ምክሩን በነጻ ይለግሳል። ጆይስቲኩን የያዘው ሰው ከሁሉም ያነሰ ሥልጣን ያለው ተላላኪ ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

የዚህ ችሎት የመጀመሪያ ክስ ጌሙ ገና ሲከፈት ይጀምራል። ክሬቶስ በሰሜኑ አገር ያገባት ሚስቱ ፌይ ሞታለች፤ እርሱም ለሬሳዋ ማቃጠያ የሚሆን እንጨት ሲፈልግ፣ ራሷ በወርቃማ የእጅ አሻራ ምልክት ካደረገችባቸው ዛፎች አንዱን በመጥረቢያው ይጥላል። ምልክቱ ግን ቤቱን ከጠላት ዓይን የሚሰውር የክልል አጥር ስለነበረ፣ ዛፉ ከወደቀ በኋላ በሩ ላይ የማይሞት እንግዳ ሰው መጥቶ ጠብ ያነሣል። ይህን ለመረዳት የመንዝ ልጅ አስተርጓሚ አያሻውም። ከሞላሌ ሰሜን ባለው የጓሳ ሣር ምድር ላይ አባቶቹ ‹ቄሮ› በሚባለው ሥርዓት ሣሩንና ቁጥቋጦውን ለተከታታይ ዓመታት ከልክለው፣ በመረጧቸው አለቆች አስጠብቀው፣ ክልከላውን የጣሰውን በብርቱ ይቀጡ እንደነበር ሲሰማ አድጓል፤ ስለዚህም የፍርዱ ቃል አጭር ነው፤ ‹የተከለለ ዛፍ ቆርጦ ሰላም የሚያድር ማን አለ?›

ሁለተኛው ክስ ከመጀመሪያው እጅግ የከበደ ሲሆን፣ ጨዋታውን ለረጅም ጊዜ ሊያስቆም የሚችለውም እርሱ ነው። ክሬቶስ የሚስቱን ሬሳ አቃጥሎ፣ አመዱን በቆዳ ከረጢት ቋጥሮ፣ ከረጢቱን ከወገቡ አንጠልጥሎ፣ አትሬዩስ የተባለውን ልጁን አስከትሎ፣ አመዱን በዓለማቱ ሁሉ ከፍተኛ ከሆነው ተራራ ጫፍ ላይ ለመበተን ይነሣል፤ የሟቿ ኑዛዜ እንዲህ ነበርና። የአፈ ታሪኩ ሊቃውንት ሬሳ ማቃጠል በጥንቱ የሰሜን አውሮፓ ባህል የታወቀ ሥርዓት እንደነበረ ያስረዳሉ፤ ሞላሌ ላይ ግን ይህ ማስረጃ ክሱን አያቀልም። ጥያቄዎቹ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ዕድርተኛው የት ሄደ? ድንኳን ያልተተከለው ለምንድን ነው? ፍትሐት ያደረሰ ካህን አለ? ሰልስቱ ሳይወጣ መንገድ የሚጀምር ባል ምን ዓይነት ባል ነው? አባትየው ልጁ ሐዘኑን እንዳያወጣ በግሣጼ ሲያፍነው ደግሞ ነገሩ ከሥርዓት ጉድለት አልፎ የልብ ጥያቄ ይሆናል፤ ከአግዳሚው ጫፍ የተቀመጠ አንዱ ‹ልጅ እናቱ ስትሞት ካላለቀሰ መቼ ሊያለቅስ ነው?› ብሎ ሲጠይቅ፣ የጌሙን የምስል ጥራት ሲያደንቅ የቆየው ሁሉ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ልጁን ባዘዘው ቁጥር፣ ቀስትህን ወርውር ባለው ቁጥር፣ ከበስተኋላው ‹ተወው እንጂ፣ ሐዘንተኛ ነው› የሚል ድምፅ መስማቱ አይቀርም።

ቀዳሚዎቹን ክፍሎች የተጫወተ ሰው ለዚህ አመድ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ ያቀርባል። ክሬቶስ በግሪክ ሳለ በጦርነት አምላኩ በአሬስ ተታሎ የገዛ ሚስቱንና ሴት ልጁን ገድሏል፤ በእርግማንም የሁለቱ አመድ ከቆዳው ላይ ተጣብቆ ስለቀረ ነው መላ ሰውነቱ ነጭ የሆነው። ስለዚህ የፊተኞቹን አመድ ለብሶ የኋለኛዋን አመድ ታጥቆ የሚሄድ ሰው መሆኑ ሲነገር፣ ጆሮ የሚሰጥ ሁሉ ይቅር ባይል እንኳ ያዝንለታል። ከዚያ ቀጥሎ ግን ‹ይህን ሁሉ ዘመን ጠበል ያልወሰደው ሰው የለም?› የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ በአግባቡ የተነሣ ጥያቄም ነው።

በአንጻሩ ያለ አንድ ተቃውሞ የሚጸድቀው የክሬቶስ ንብረት መጥረቢያው ነው። ሌቪያታን የሚባለው ይህ መጥረቢያ ተወርውሮ ጠላት ከመታ በኋላ፣ ባለቤቱ እጁን በዘረጋ ጊዜ እየተሽከረከረ በአየር ይመለሳል፤ ሲገባም ጆይስቲኩ በተጫዋቹ መዳፍ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሠሪዎቹ ይህን የፈጠሩት ለውጊያው ደስታ ሲሉ ነው፤ በመንዝ ገበሬ ዓይን ግን የመሣሪያው ዋና ጥቅም ሌላ ነው፤ ጎረቤት ‹አንድ ጊዜ ብቻ› ብሎ የተዋሰው መጥረቢያ መስቀልን አልፎ፣ ጥምቀትን አልፎ ሳይመለስ ሲቀር፣ ባለቤቱ ደጁ ላይ ቆሞ እጁን ቢዘረጋና መጥረቢያው የጎረቤቱን ጣሪያ በስቶ ቢመጣ፣ ብዙ ጉርብትና ከመበላሸት ይድን ነበር፤ ጣሪያውን ለማስጠገን የሚነሣው ክርክር እንደ ተጠበቀ ሆኖ።

የግሪኩ ዘመን ታሪክ ሲመረመር ደግሞ ነገሩ ከሥር እስከ ጫፍ የደም ጉዳይ ነው። ክሬቶስ አሬስን ይገድላል፣ ዜውስ ክሬቶስን ይገድላል፣ ክሬቶስ ከሙታን አገር ተመልሶ ዜውስን ያሳድዳል፤ ዜውስ አባቱ መሆኑም በመሐል ይታወቃል። በሰሜን ሸዋ ገጠር ደም በተቃቡ ወገኖች መካከል ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ገብተው፣ ገዳዩን ከተበዳይ ዘመድ ፊት አቅርበው፣ ካሳ ቆርጠውና አስምለው ነገሩን የሚያበርዱበት ሥርዓት ስላለ፣ ተመልካቹን የሚያስገርመው በኦሊምፐስ ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ነጭ ጢም እያለ አንድ አስታራቂ መጥፋቱ ነው። እርግጥ ነው፣ ሦስት ሽማግሌ ተልኮ ቢሆን ጌሙ በግማሽ ሰዓት ያልቅ ነበር፤ የቤቱ ባለቤትም ከአሥር ሰዓት በላይ የሚያስከፍልበት ጠብ በእርቅ ተቋጭቶ ይከስር ነበር።

በዚህ የደም ሒሳብ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ባለጉዳይ ናቸው የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል። በሦስተኛው ክፍል መክፈቻ ክሬቶስ በመጀመሪያ የሚገድለው የባሕሩን አምላክ ፖሲዶንን ነው። የግሪኩ ባለቅኔ ሆሜር በኦዲሴይ መጀመሪያ ላይ ይኸው ፖሲዶን ኢትዮጵያውያን ዘንድ ለግብዣ ሄዶ እንደነበረ ይተርካል፤ በኢሊያድም ዜውስ አማልክቱን አስከትሎ ወደ ኢትዮጵያውያን ድግስ ወርዶ በ12ኛው ቀን እንደሚመለስ ይነገራል። የሆሜር ኢትዮጵያ በምድር ዳርቻ ያለች ድንበሯ ያልተለየ አገር በመሆኗ ከዛሬው ካርታ ጋር አንድ ናት ማለት አይቻልም፤ ይህን ማስተባበያ ግን በጌም ቤት ውስጥ የሚሰማ አይገኝም። ስለዚህ ችሎቱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን፣ እንጀራችንን የበላ እንግዳችን በገዛ ደጁ ሲገደል ዝም አንልም ይላል። ሁለተኛው ወገን የአንድሮሜዳን ታሪክ ይጠቅሳል፤ የኢትዮጵያው ንጉሥ የኬፌዎስ ሚስት ካሲዮፔያ በውበት ከባሕር ቆነጃጅት እበልጣለሁ ባለች ጊዜ፣ ፖሲዶን በአገሪቱ ላይ የባሕር አውሬ ሰድዶ፣ ልጃቸው አንድሮሜዳ ለአውሬው መብል ከዓለት ጋር በሰንሰለት እስክትታሰር አድርሷል፤ ከዚያ ያዳናትም ፐርሲየስ ነው። እንግዲህ ድግሳችንን በልቶ አውሬ የላከብን ሰው ቢሞት የሚለበስ ከል የለም ማለት ነው። ፐርሲየስን ራሱን ክሬቶስ በሁለተኛው ክፍል መግደሉ ሲታወስ ግን ይህም ወገን ይደናገራል፤ አማቻችንን የገደለውን ሰው እየመራ ያለው ደግሞ የሰፈራችን ልጅ ነው።

ከአማልክቱ ሞት በኋላ የሚከተለው ጥፋት የገበሬውን ወገን ይበልጥ ያሳስበዋል። ፖሲዶን ሲሞት ባሕር ምድሪቱን ያጥለቀልቃል፤ ሄሊዮስ ሲሞት ፀሐይ ትጨልማለች፤ ሄራ ስትሞት ዕፅዋት ሁሉ ይደርቃሉ። በልግ ዘግይቶ ወይም ውርጭ ቀድሞ ገብስ ሲያበላሽ ያየ ሕዝብ፣ አንድ ሰው ለግል ቂሙ ሲል የአገር አየር ሲያበላሽ በእርጋታ መመልከት አይሆንለትም። የመንፈሳዊውን ወገን ሐሳብ በተመለከተ ግን ተጫዋቾቹ ቀላል የማይባል መከላከያ አላቸው፤ የሚገደሉት ጣዖታት ናቸው፣ ጣዖት ሰባሪነት ደግሞ በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በቡልጋ ጽላልሽ ከተወለዱት ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል ጀምሮ የታወቀ ነው ይላሉ። መከላከያው እስከ አንደኛው ክፍል ፍጻሜ ድረስ ጥሩ ይሄዳል፤ እዚያ ሲደረስ ክሬቶስ አሬስን ገድሎ በባዶው ዙፋን ላይ ራሱ ይቀመጣል፣ የኔታም ቢጠየቁ በዚህ ምዕራፍ የሚስማሙ አይመስልም።

ስለ ብርዱ ብዙ የሚባል የለም። በ2022 የወጣው ‹ራግናሮክ› የተባለው ክፍል ታሪኩ የሚፈጸመው ፊምቡልዊንተር በሚሉት የዓለም ፍጻሜ ምልክት በሆነ ረጅም ክረምት ውስጥ ነው፤ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ከተዘረጋው ጓሳ የሚወርደውን ነፋስ በበርኖስ ሲመክት ያደገ ተመልካች ግን በበረዶው አይደነቅም፤ የሚደነቀው ክሬቶስ በዚያ ብርድ ደረቱን ገልጦ መሄዱን አይቶ ነው።

ከአማልክቱ ሁሉ የበረታው ባላንጣ መብራት ነው። በቀድሞዎቹ ክፍሎች የተደረሰበትን ቦታ መዝግቦ ለማቆየት፣ በተጫዋቾች አነጋገር ሴቭ ለማድረግ፣ ባለታሪኩን ከመንገድ ላይ ከሚቆም የብርሃን ዓምድ ውስጥ ማስገባት ያስፈልግ ነበር፤ ያ ዓምድ ሳይደረስበት የከተማው መብራት ከጠፋ፣ የተገደለው አውሬ ሁሉ ይነሣል፣ የተከፈተው በር ይዘጋል። ማጫወቻው ዳግም ሲበራም በአግባቡ ሳይጠፋ የቀረው በተጠቃሚው ስንፍና ይመስል በመስኮቱ ላይ ግሣጼ ጽፎ ሀርድ ዲስኩን መፈተሽ ይጀምራል። እስከዚያ የተከፈለው ገንዘብ ይመለስ አይመለስ የሚለው ነጥብ፣ በየጌም ዞኑ የየራሱ ልማድ ያለው በመሆኑ፣ አንድ ወጥ ሕግ ሊወጣለት አልቻለም።

ሌላው ዓለም የገዛ ተረቱን ወደ ጌም ሲለውጥ ቆይቷል። የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ በ2016 ‹ኦሪዮን› የተባለውን ከአፍሪካ ትውፊት የተቀዳ ጌም አወጣ፤ በ2024 የወጣው የቻይናው ‹ብላክ ሚዝ፡ ውኮንግ› ደግሞ የዝንጀሮ ንጉሥ ከሚነገርበት ጥንታዊ ልብ ወለድ ተነሥቶ በሦስት ቀን ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ሆኖም ባለታሪኩ ዝንጀሮ በመሆኑ፣ ልጅነቱን ጭላዳ ከገብስ ማሳ ሲያባርር ያሳለፈ የመንዝ ወጣት ከማን ወገን ሊቆም እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ ያወጣው ‹ኩኩሉ› አንዲት ዶሮ ከገበሬ እጅ አምልጣ ስትሮጥ የሚያሳይ ሲሆን፣ የባለታሪኳን ዓላማ ለመረዳት የአፈ ታሪክ ዕውቀት አይጠይቅም።

የኢትዮጵያ አፈ ታሪክ ራሱ በጀብዱ ጌም መልክ ይሠራ ቢባል ግን አንድ እንቅፋት አለ። አገሪቱን ሲገዛ፣ ልጃገረድና ከብት ሲገበርለት የኖረውን ዐርዌ የተባለውን ዘንዶ የገደለው የንግሥት ማክዳ አባት አጋቦስ፣ በሸራ ላይ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍል ተሥሎ በሚሸጠው ታሪክ እንደሚታየው፣ ሰይፍ መዞ አልተጋጠመም፤ መርዛም ዕፅ ለቅሞ፣ ወቅጦ፣ ለፍየል አብልቶ፣ ፍየሏን ለዘንዶው አቀረበ እንጂ። እንግዲህ ጌሙ ሲሠራ ተጫዋቹ ቅጠል ይለቅማል፣ ይወቅጣል፣ ፍየሏን እየጎተተ ዳገት ይወጣል፣ ከዚያም ከድንጋይ ኋላ ተቀምጦ ዘንዶው ሆዱን እስኪያመው ይጠብቃል። ለሰዓት ከፋይ ይህ አክሳሪ ነው። በሞላሌ ገበያ የበግ ሐሳብ እንደሚቀድም ስለሚታወቅ፣ ፍየሏ በበግ ትተካ የሚል ማሻሻያ ከአግዳሚው መምጣቱ አይቀርም፤ ማሻሻያው የሚወድቀውም እዚያው አግዳሚ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የመንዝ በግን መርዝ አብልቶ ለእባብ መስጠት በየትኛውም ችሎት የማይፈቀድ ብክነት ነው።